«ከማን ሰማሽው?»

እሪ በከንቱ፣ ከድልድዩ በታች፣
ብርጊት የምትባል አንዲት ሴት ነበረች።
ስሟን የሰፈር ሰው አላምጦ አላምጦ
«ብርቄ» አላት በመጨረሻ፣ ጫፉን ቆርጦ።
ከአየርላንድ ናት አሉ፣ ዝናብ ከማያባራበት፤
ሐምሌን አይታ ሳቀች፣ «ይህ ነው ክረምት የምትሉት?»
የሁለት ዓመት ውል ነበራት፣ እንግሊዝኛ ልታስተምር፤
ሠላሳ አንዱን ቆየች፣ እኛኑ ስትማር።

የሰፈሩን ስም ትርጉም ነገሯት አንድ ቀን፦
ጮሆ ጮሆ ሰሚ ያጣ ሰው፣ እሪታው ባክኖ ሲቀር።
ደብተሯን ዘጋችና አሰበች፦
«ይህን ስም ያወጣው ሰው ግን
ጩኸቱን ሰምቷል ማለት ነው።»

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ ቴፗን ተሸክሜ፣
ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልዬ፤
ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣
በጥርሴ ነክሼ፣ መልሼ ከትቼ።
ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ላሊበላ ሲመጣ፣
የመንደሩ ውሻ በሙሉ ሲቆጣ፣
እሷ በነጠላ ጫማ ደጅ ወጥታ ቆመች፣
ስሙኒ ለዜማው፣ ለስንኙ ብር እየሰጠች።
አትክልት ተራ፣ ጆንያ የሚያወርዱ ወዛደሮች
ጉልበት ሲከዳቸው የሚሏት አንዲት ቃል አለች፤
ያችን ቃል ፍለጋ
አንድ ክረምት ሙሉ ጭቃ ለበሰች።

አማርኛዋ ግን ነበረው አንድ ጉድ፦
ወንዱን ሁሉ «አንቺ»፣ ሴቷን ደግሞ ወንድ!
ጢማሙን ተሸካሚ፣ ክንዱ እንደ ዋርካ ግንድ፣
«ከማን ሰማሽው?» ስትለው
ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ቁጭ አለ በመንገድ።
«ከአጎቴ» አለ ቆይቶ፣ ሳቁን ውጦ፣
«ሞቷል። ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።»
ተሸክሞት የነበረውን ሽንኩርት ረስቶ
ሦስት ጊዜ ደገመላት፣ እዚያው ተቀምጦ።

ስትዘፍን የሰማናት አንድ ቀን ብቻ ነው።
የእማማ ዘርትሁን ልጅ የሞተ ዕለት፣
ድንኳን ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣
የአልቃሿ ድምፅ ነጠፈ።
ዝምታው ዝናብ እንዳቆረ ሸራ
በራሳችን ላይ ረገበ።
ብርቄ ተነሣች። ዓይኗን ጨፈነች።
እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፣ ወደ ማን እንደሆነ ሳታይ፤
እማማ ዘርትሁን ራሷ ያዘችላት።
(በእኛ አገር፣ አለችኝ ኋላ፣
ዘፋኝ ብቻውን አይተውም፤ አንድ ሰው እጁን ይይዛል።)
እንግሊዝኛ አልነበረም። የአያቷ ቋንቋ ነው፤
እዚያም የሚናገረው እያነሰ ሄዷል።
ቃሉን ከመካከላችን ያወቀው የለም፤
ደረት ግን የሚመታበትን ቦታ
አንዲት ሴት አልሳተችም።

ይኸው ሞተች። ቤቷም ፈረሰ፤
ምድጃዋ ከነበረበት ላይ
የመንገድ መብራት ቆሟል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል።
እኔ ቸርችል ጎዳና ጥግ ሞባይል እጠግናለሁ።
ሰማንያ አራት ካሴት፣ በወተት ዱቄት ካርቶን፣
የሻገተውን እየጠረግሁ፣
የላላውን በእርሳስ እያጠነጠንኩ
ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ እሰማለሁ።
የአጣቢዎቹ አለ። የላሊበላዎቹ፣ ከነውሻው ጩኸት።
የሽንኩርት ተሸካሚው አለ፣ ሦስት ጊዜ።
የእሷ የለም።

ቴፑ ያን ቀን በእኔ እጅ ነበር።
ድንጋዮቹን ጣሪያ ላይ፣ ፀሐይ አስጥቼ
ረስቻቸው ነበር።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዘፈን በፊት ግን፣ በየካሴቱ፣
ትንሽ ትስላለች። ወንበር ይንቋቋል።
ከዚያ ያ የተጣመመ አማርኛዋ፦
«ከማን ሰማሽው?»
ሰማንያ አራት ጊዜ።
እኔም ጺሜ የሸበተው ሰውዬ፣
መብራቱን አጥፍቼ
ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።
እጄን ወደ ጎን እዘረጋለሁ።